የቆመ ሞተር ሳይክል ለምታስነሱ ልጆቼ

ይድረስ ለልጆቼ፣

ግድግዳ ተደግፎ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ መቀመጫውን አይጥ በልቶት የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል አይታችሁ «ይሄን ባስነሳውስ?» ካላችሁ፣ ይህ ደብዳቤ የእናንተ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመካኒክነት ነው። አለቀለት የተባለ ሞተር ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተፈትቶ ካርቶን ውስጥ የቀረው ግን ከዚያ ይበልጣል። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሻሲውን ቀለም አስቀብቶ አመጣልኝ። ቀለሙ ፊት ያሳያል። የቀረው አካል በአራት ካርቶን ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሁሉም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቋል። ያለውን ገንዘብ ቀለሙና ክሮሙ ላይ ጨርሶታል። ሞተሩን ከፍተን ስናይ የቢዬላው ኩሽኔታ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የሚዞርበት) ተበልቷል። እሱን የሚያሠራበት ገንዘብ አልቀረውም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ እጁም ጥሩ ነበር። ያጣው ቅደም ተከተሉን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። ካርቶኖቹን ተሸክሞ ሲወጣ ያየሁት ፊት ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እኔ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ይነሳ። ቀጥሎ ፍሬን ይያዝ። ማማሩ መጨረሻ ይምጣ። የሚነሳ ሞተር ሳይክል ገንዘብ አጥራችሁ ሦስት ወር ቢቆም ምንም አይሆንም፣ ትመለሱበታላችሁ። የተበታተነ ከሆነ ግን በሦስት ወር ውስጥ የትኛው ብሎን የት እንደነበረ ይጠፋባችኋል። ከዚያ ማየቱም ያስጠላችኋል።

ገና ካልገዛችሁ ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ምረጡ። በብዛት የተመረተ ይሁን። ሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፤ በ2017 ደግሞ የምርቱ ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያህል የተመረተ ነገር መለዋወጫ አያጣም። በ1976 የወጣው ሆንዳ ሲጂ125ም እንደዚያው ነው። ዘይት በሰዓቱ በማይቀየርበት ቦታ ጭምር እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው በሰንሰለት ሳይሆን በመግፊያ ዘንግ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ብርቅ የሆነ ሞዴል በርካሽ ስታገኙ አትቸኩሉ። ርካሽ የሆነው ለሻጩ እንጂ ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

አንጸባራቂውን ትታችሁ ሙሉውን ግዙ። ዝገትን በጉልበት ታስለቅቃላችሁ። የጠፋ የጎን ክዳን፣ የጠፋ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ)፣ የጠፋ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው) ግን በገንዘብ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ዕቃ ማሟላቱ ሞተር ከማሠራት ይበልጣል። የሻሲው ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ቤት አስገባችሁት እንበል። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ። በሁሉም በኩል ፎቶ አንሱት። ገመዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ሽቦው የቱ ጋ እንደሚታሰር፣ ሮንዴላው ከውስጥ ይሁን ከውጭ። የፈታችሁትን ብሎን፣ የሚቻል ከሆነ፣ ዳዶውን አስራችሁ እዚያው ቀዳዳው ላይ መልሱት። ካልሆነም ትንሽ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ ስሙን ጻፉበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስለኛል።

የጃፓን ሞተር ሳይክል ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭንቅላቱ ላይ መስቀል ያለው ቡሎን ተራ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጄአይኤስ የሚባል የጃፓን ስታንዳርድ ነው። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችበት። በተራው መስቀል ካቻቢቴ ስትገፉት ተንሸራቶ ይወጣና አፉን ይበላዋል። ብዙ ሰው «ቡሎኑ ለስላሳ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን የካቻቢቴው ነው። ትክክለኛውን አንድ ካቻቢቴ ግዙ። በዚህ ሥራ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ቶሎ የሚመለሰው እሱ ነው።

ሞተሩ አልዞርም ቢላችሁ አትደንግጡ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ማስነሻ) ላይ ግን በፍጹም አትዝለሉ። በዚያ ጉልበት የሚሰበረው ፒስተኑን የያዘው ዝገት ሳይሆን የኪኩ ጥርስ ነው። ካንዴላውን፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ፍቱ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅላችሁ በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩበት። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ጓንት አድርጋችሁ፣ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቃችሁ ይሁን። ከዚያ ተዉት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ እየጨመራችሁ። ቀጥሎ ከፍ ያለ ማርሽ አስገቡና የኋላውን ጎማ በእጃችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። መጀመሪያ ምንም የለም። ሲቆይ አንድ ቀን ጎማው ስር ትንሽ መላወስ ትሰማላችሁ፣ የጣት ጥፍር ያህል። ያን ጊዜ አትግፉት። ዘይት ጨምራችሁ እደሩ። በማግስቱ ይዞራል። ያችን የመጀመሪያ መላወስ በእጄ የተሰማኝን ቀን ሁሉ አስታውሳለሁ። አንድም ጊዜ አልሰለቸችኝም።

ሰልባትዮው ብዙውን ጊዜ ዝጓል። ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ ብርሃን እዩት። የነዳጅ መክፈቻውን ፈትታችሁ ቀዳዳውን በጎማ ወይም በብሎን ድፈኑ። ነጭ ኮምጣጤ እስከ አፉ ሙሉበትና አንድ ወይም ሁለት ቀን አቆዩት። ዝገቱ ወፍራም ከሆነ ጥቂት ዳዶዎች ጨምራችሁ አገላብጡት፣ አንቀጥቅጡት። ስታስገቡ ቁጠሯቸው። 20 ካስገባችሁ 20 ይውጣ፤ አንዷ ከቀረች መክፈቻውን ልትዘጋ ትችላለች። ኮምጣጤውን ከደፋችሁ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውሃ እጠቡት፤ አሲዱን የሚያጠፋው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ አድርቁት። በዚህ ሰዓት መዘግየት የለም። ንጹሕ የሆነ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ይሆናል። ሲደርቅ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ በሁሉም በኩል አዙሩበት።

አደራ የምለው ነገር አለ። ሰልባትዮው ቢያፈስ ራሳችሁ አትበይዱት፣ እሳትም አታቅርቡለት። ባዶ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ባዶው ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ለሥራው ዝግጅት ላለው ባለሙያ ስጡት።

ካርቡሬተሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አይነሳም ተብሎ ከሚቆመው ሞተር ሳይክል ብዙው የቆመው በእሱ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ይተንና እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ ቡናማ ነገር ትቶ ይሄዳል። የታችኛውን ሳህን ስትከፍቱ ሽታው ይነግራችኋል፣ ይኮመጥጣል። ውስጡ ሁለት ጄት፣ ነዳጅ የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ናሶች፣ ታገኛላችሁ። ትልቁን ማጽዳት አይከብድም። ሥራው ያለው ትንሹ ላይ፣ የሚኒሞው ጄት (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር የሚመግበው) ላይ ነው። 35 ወይም 38 የሚል ቁጥር ካለበት ቀዳዳው 0.35 ወይም 0.38 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ፈትታችሁ በጣታችሁ ያዙትና ወደ ብርሃን አንሱት፣ በአንድ ዓይን እዩበት። ንጹሕ ከሆነ ክብ የሆነች የብርሃን ነጥብ ታያላችሁ። ጨለማ ከሆነ ተዘግቷል። የጎበጠች ወይም ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ከሆነ ደግሞ ገና አልጸዳም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ ተከፍቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ሞተሩ በኪክ ይነሳና ነዳጁን ሲለቁት ይጠፋል።

ቀዳዳውን በመርፌ አትውጉት። ብረት ናሱን ይፍቀዋል፣ የሚያልፈው ነዳጅ መጠንም ይቀየራል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙ። መዳብ ለስላሳ ነው፣ አይጎዳም። ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በክሩ አጽዱት፣ በአየር ንፉት፣ እንደገና ወደ ብርሃን አንሱት። ክብ እስኪሆን ድረስ ደጋግሙት።

ብልጭታ ካጣችሁም አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። በአሮጌዎቹ ላይ ማቀጣጠያው ሁለት የመገናኛ ጫፎች አሉት፣ ፖይንት የሚባሉት። ሲቆዩ ይሻግታሉ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጋችሁ ክፍተቱን አስተካክሉ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ የጃፓን ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላው ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ነው። የእናንተን ቁጥር ግን ከራሱ ማንዋል ላይ አረጋግጡ። መብራትና ጥሩምባ አልሠራም ካለም መጀመሪያ ሽቦው ከሻሲው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፍቁ። ዝገትና ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም።

ለማስነሳት ስትዘጋጁ ዘይቱን ቀይሩ። ካንዴላው ሳይታሰር ብዙ ጊዜ ኪክ ምቱ፣ ዘይቱ እንዲሄድ። ከትልቁ ሰልባትዮ ይልቅ በትንሽ ዕቃ ንጹሕ ቤንዚን ሰቅላችሁ ሞክሩ። ከተነሳ በኋላ የሞተሩን ጤና የሚነግራችሁ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት) መለኪያ ነው፣ ተዋሱት። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ኪክ ምቱና ቁጥሩን ጻፉ። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከዘለለ የደከመው ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩን ጠርጥሩ። በአንዲት ማንኪያ ዘይት ምኑ እንደሚገዛ አወቃችሁ ማለት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የያዛችሁ ደግሞ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፓራኦሊዮ፣ ማለትም የጎማ መዝጊያ ቀለበት፣ ግራና ቀኝ ቀይሩት። ለዓመታት ሲቆም ጎማው ይደርቃል። ከዚያ ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑም ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁት ሞተሩ በራሱ ዙሩን ከፍ ካደረገ ምልክቱ እሱ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው። ሳይቀየር የሚያስከትለው ጉዳት ግን ሞተሩን በሙሉ ያስከፍታል።

እስካሁን ቆጥቡ ስላችሁ ቆየሁ። አሁን ግን የማይቆጠብበትን ልንገራችሁ። ጎማ ጥርሱ ስላለ ደህና ነው አትበሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 3208 ቢል እ.ኤ.አ. በ2008 በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለበት ደግሞ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ሳታመነቱ ጣሉት። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም። ካላማዳሪውንም (የውስጥ ጎማውን) አብራችሁ ቀይሩ። የፍሬን ሸራውን አዲስ ግዙ። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙን በአፋችሁም በአየርም አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ጣሉት። ካቴናውንና (ሰንሰለቱንና) ጥርሶቹንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ የተበላ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል። እነዚህን ለመግዛት ገንዘብ ካልሞላላችሁ ጠብቁ። እባካችሁ፣ ያለ ፍሬን «እስከ ጥግ ደርሼ ልመለስ» እንዳትሉ። በዚያች ጥግ የተጎዱ ልጆች አውቃለሁ።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። የዛገ ክሮም በእርጥብ የአሉሚኒየም ፎይል ሲታሽ በደንብ ይነጻል፤ ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም። የደበዘዘው የፋብሪካ ቀለም በፖሊሽ ምን ያህል እንደሚመለስ ሳታዩ አትፋቁት። እኔ የመጀመሪያ ቀለሙን ከነጭረቱ እወደዋለሁ። አንድ ጊዜ ከተፋቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

የመጀመሪያውን ቀን አጭር ንዱ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ተመልሳችሁ ሳታርፉ ቁልፍ አንሱና ብሎኖቹን ሁሉ ዳስሱ፤ የጎማውን፣ የመሪውን፣ የሞተሩን ማሰሪያ። የላላ ታገኛላችሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩት። ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ነዳጁ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ምክንያቱን ሳታገኙ አትንዱት። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ መልሳችሁ እሰሩት፣ ነገ ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር ሂዱ።