መልስ፦ የፌደራል ድጎማ የወረዳን ወጪ ያረጋጋል ወይስ ያናጋል?
ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ እኔ እንደማየው ድጎማው ደሞዙን ያረጋጋል፣ ሌላውን ግን ያናጋል። በትልልቆቹ ክልሎች ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ወረዳዎች በብሎክ ግራንት (ለአንድ ስራ ብቻ ሳይታሰር በጥቅል በሚሰጥ ድጎማ) ነው የሚተዳደሩት፣ ክልሉ ከፌደራል በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ይቀበልና እሱም በራሱ ቀመር ያከፋፍላል። ከዛ ውስጥ አብዛኛው የመምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያ ደሞዝ ነው፣ ስለዚህ ድርቅ መጥቶ የአካባቢው ግብር ቢቀንስም ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፣ ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ድጎማው ራሱ ሲቀንስ ወይ ኑሮ ሲወደድ ነው፣ ደሞዝ መቁረጥ ስለማይቻል የሚቆረጠው ስራ ማስኬጃው ነው፣ ባለሙያው አለ ሞተር ሳይክሉም አለ ቤንዚን ግን የለም፣ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው መድኃኒት የለም፣ እና ይሄ እኔን በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም በወረቀት ላይ በጀቱ የተረጋጋ ይመስላል። ከ97 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፍ ሲያቆሙ በ1998 ፒቢኤስ (በለጋሾች የሚደገፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም) የመጣውም የወረዳ አገልግሎት አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ያንተን ወረዳ ማየት ከፈለክ ጠቅላላውን ተወው፣ ደሞዝና ስራ ማስኬጃን ለያይተህ የተወሰኑ ዓመታት አወዳድር።