ጅማ ላይ ከአቅም ጋር የሚሄድ የሩጫ ቡድን ስለማግኘት

5 ኪሎ ሜትር በዝግታ የምትሮጪ ከሆነና ከአትሌቶች ኋላ መቅረቱ ካስፈራሽ፣ የሚስማማሽ ለውድድር የሚዘጋጅ ክለብ ሳይሆን ለጤና የሚሮጥ ቡድን ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ወደ ስታዲየሙ ሂጂና እንዲህ አድርጊ፦

1. መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። እየሮጡ የሚጨዋወቱትን ፈልጊ። ትንፋሽ ሳያጥረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው በቀላል ፍጥነት ላይ ነው።

2. አስተባባሪውን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «የዘገየውን ሰው ማን ይጠብቀዋል?» ለእኔ ከክፍያውም ከማልያውም የሚበልጠው ይህ ጥያቄ ነው። ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘሽ ሌላ ቡድን ፈልጊ።

3. ስታዲየሙ ላይ ካልተሳካልሽ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን ጠይቂ፤ ማን የት እንደሚሮጥ ያውቃሉ። ሴቶች ያሉበትን ቡድን ማስቀደምሽም ተገቢ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ብቻሽን መንገድ ላይ እንዳትሆኚ።

አንድ ማሳሰቢያ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን የጅሬን ዳገት በመጀመሪያው ሳምንት ከሚወጣ ቡድን ጋር አትጀምሪ። ከተማችን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱ ሲጨመርበት ለጀማሪ ይከብዳል። ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች በዚያ ዳገት ጉልበታቸውን አሳመው ሩጫውን እርግፍ አድርገው ሲተዉ አይቻለሁና ያሳስበኛል። የመጀመሪያውን ወር ሜዳ ላይ ሩጪ፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ስለሚያንሸራትት አስፋልቱን ምረጪ።