ጥቁሩ ለምን አመድ መሰለ? ስለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኅትመት ጥያቄና መልስ

ስለ ወረቀትና ስለ ጥቁረት የጠየቃችሁኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ ድቅድቅ ያለው ጥቁር ወረቀት ላይ ሲወጣ አመድ መሰለ። ፕሪንተሬ ተበላሽቶ ይሆን?

ፕሪንተርህን ገና አትውቀሰው። ወረቀቱ ማት (የማያብረቀርቅ) ነው? ከሆነ ጥቁሩ በዴንሲቲ (የጥቁረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥቁረቱ ይጨምራል) ሲለካ 1.6 አካባቢ ላይ ይቆማል። ደህና ባሪታ (የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት) 2.3 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ እንጂ፣ ማቱ ካረፈበት ብርሃን 2.5 በመቶውን ሲመልስ ባሪታው የሚመልሰው 0.5 በመቶ ብቻ ነው። አምስት እጥፍ!

ሌላም አለ። በፒግመንት (ደቃቅ ዱቄት ባለበት ቀለም) የሚያትሙ ብዙ ፕሪንተሮች ሁለት ጥቁር ቀለም አላቸው፤ አንዱ ለማት፣ አንዱ ለሚያብረቀርቅ። ሴቲንጉ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ከሳትክ ጥቁሩ ይገረጣል። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ የፕሪንተሩን ጭንቅላት ሳጸዳ ውዬ፣ ለካ ጥፋቱ እዚያች ምርጫ ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሌ ባሪታ ልግዛ?

አይ። ጭጋግ፣ ለስላሳ ብርሃን፣ የሽማግሌ ፊት ማት ላይ ያምርባቸዋል።

ጥያቄ፦ አያቴን በነጠላና በጥቁር ካባ አንስቻቸው ነበር። ሲታተም ነጠላው ባዶ ወረቀት፣ ካባው አንድ ጥቁር ድፍን ሆነ።

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ጥልቀት የሚመጣው ከጥቁሩ ብዛት አይደለም፤ ጥቁር ከጥቁር ሲለይ ነው። እንዲህ አድርጊ። ኮምፒውተር ላይ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹህ ነጭ ነው፤ ከ0 እስከ 30 ያሉትን የጥቁረት ደረጃዎች በትናንሽ ሳጥኖች ደርድረሽ በዚያው ወረቀት አትሚ። 10 እና 15 ተመሳስለው ከወጡ ወረቀቱ እዚያ ድረስ አያይም ማለት ነው። የካባውን እጥፋቶች ከ15 በላይ አንሺያቸው። ነጠላውን ደግሞ ከ245 ብዙ አታሳልፊው። 255 ላይ ቀለም የሚባል አይረጭም፤ ፈትሉ የት ይታይ?

ጥያቄ፦ ዳርክሩም (ፎቶ በብርሃንና በኬሚካል የሚታተምበት ጨለማ ክፍል) ውስጥ እርጥቡ ኅትመት ቆንጆ ነበር፤ ሲደርቅ ጠቆረ።

ፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልተቀባው የዳርክሩም ወረቀት) ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ያለ ነው። እንደ ወረቀቱ፣ ብርሃን የሚያርፍበትን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንስ። የሙከራ ቁራጩን አድርቀህ ፍረድ።

ጥያቄ፦ በጣም ነጭ ወረቀት ይሻላል?

ለሽያጭ ከሆነ ተጠንቀቅ። ያ ንጣት ብዙ ጊዜ ከማንጫ ኬሚካል ነው፤ በዓመታት ይደክምና ወረቀቱ ወደ ቢጫ ያደላል። ማንጫ የሌለው ጥጥ ወረቀት ፈልግ።

ጥያቄ፦ መስታወት ውስጥ ሲገባስ?

ተራ መስታወት ራሱ ብርሃን ስለሚመልስ የባሪታና የማት ልዩነት በጣም ይጠባል። በውድ ባሪታ አትመህ በርካሽ መስታወት ከምትሸፍነው፣ ማቱን አትመህ የተረፈውን ብር ለማያንጸባርቅ መስታወት አውለው።