ጅማ አካባቢ ለአደን የሚሆን መሬት ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ጅማ ተወልደህ አሜሪካ ነው የኖርከው። እዚያ የሥራ ባልደረቦችህ ከከተማ ወጣ ብሎ የራሳቸው ጫካ አላቸው፤ ወቅቱ ሲደርስ አጋዘን ያድኑበታል። አንተም አብረሃቸው ሄደህ ወደድከው። አሁን ደላላ ጌራ በኩል 5 ሄክታር ጫካ አሳይቶሃል፤ «ቡናም አለው፣ ድኩላም ይገባበታል» ብሎሃል። ስንት ልክፈል፣ ምን ምን ልይ ነው ያልከው።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ቀጥታ ዋጋ ውስጥ ገቡ። እኔ ዋጋ አልጽፍልህም። ያደግኩት አጋሮ አካባቢ ነው። ዛሬም ከገበሬ ጋር በኮንትራት ቡና እሠራለሁ። በመሬት ጠብ ለሽምግልና እየተጠራሁም ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ትንሽ ረዘም ቢልብህ ታገሰኝ።

የሚሸጥ የገጠር መሬት የለም። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ዘጋው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያርሳል፣ ይተክላል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ በሕጉ ልክ ያከራያል። በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ነገር ደግሞ የራሱ ነው። ደላላ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። «መሬቱን ሳይሆን ቡናውን ነው የምትገዛው» ይልሃል። የቡናው ሥር ግን መሬት ውስጥ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው የሚጠይቀው መሬቱ ተሸጧል ወይስ አልተሸጠም ብሎ ነው።

ወረቀቱ ሌላ ስምም ይወጣለታል። አንዳንዱ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል። ሕጉ ግን ገበሬ ይዞታውን በስጦታ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅደው ለቤተሰቡ ነው። አንተ እንግዳ ነህ፣ አትገባበትም። አንዳንዱ የብድር ውል ይሆናል፤ ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሯል፣ እስኪከፍል ድረስ አበዳሪው በመሬቱ ይጠቀማል ይላል። አባቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉት ነው። ብድሩ እንደማይመለስ ሁለቱም ወገን ያውቃሉ። ምስክር ይፈርማል፣ ይመረቃል፣ ቡና ይጠጣል። ክስ የመጣ ቀን ይህ ሁሉ አያድንም።

በሽምግልና ከተቀመጥኩባቸው አንዱን ልንገርህ። ገዢው የከተማ ነጋዴ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። በስጦታ ወረቀት ወደ ሁለት ሄክታር ያዘ። አሮጌውን ቡና ጎንድሎ አደሰ፣ ክፍቱን ቦታ ችግኝ ተከለበት። ቡና ለፍሬ እስኪበቃ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ልክ መልቀም ሲጀምር የገበሬው ሚስት ከሰሰች። የመሬቱ የይዞታ ደብተር ላይ ስሟ አለ፤ የስጦታው ወረቀት ላይ ግን ፊርማዋ የለም። ትልቁ ልጇም ከጎኗ ቆመ። ፍርድ ቤቱ ውሉን አፈረሰው። መሬቱ ለባለይዞታው፣ ገንዘቡ ለከፈለው ይመለስ አለ። የሚመለሰው ብር ያኔ የተከፈለው ያው ብር ነው፤ ኑሮ በዚህ ሁሉ ዓመት የት እንደደረሰ አንተም ታውቃለህ። ገበሬውም አላተረፈም። ብሩን ለልጅ ሰርግና ለቤት ቆርቆሮ ጨርሶት ነበርና በሬዎቹን ሸጠ። እኛ ያደረግነው ቢኖር ቀሪውን በየቡናው ወቅት ከፋፍሎ እንዲከፍል ማስማማት ብቻ ነው።

«እኔም ገዝቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ የጻፈልህ ወንድም ምንም ያልሆነው እስካሁን የከሰሰው ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ ጫካው እንምጣ። ጌራ ማለትህ ይበልጥ አሳስቦኛል። በለጠ ጌራ የመንግሥት ደን ነው፤ የሚያስተዳድረውም የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጁ። እዚያ ስትሄድ ዋቡብ ሲሉ የምትሰማው ይህንኑ ማኅበር ነው። ነዋሪው የጫካ ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል፤ በምላሹ ደኑን አይመነጥርም፣ አዲስ ሰውም አያስገባም። ጫካ ውስጥ ያለው ቡና በልማድ የእገሌ ነው፣ የእገሌ ነው ተብሎ ይታወቃል። ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ጎረቤትም ያከብረዋል። የይዞታ ደብተር ግን የለውም። «ጫካ ያለበት 5 ሄክታር» ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የገበሬውን ደብተር በእጅህ ይዘህ ድንበሩን ዙር። ደብተሩ ላይ ስፋቱ፣ አዋሳኞቹም በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ተብለው ተጽፈዋል። በየአቅጣጫው ስትደርስ ያንን ሰው በስሙ አስጠራውና «ድንበርህ የት ነው?» በለው። በሰው ይዞታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አለ፤ የስንሰል አጥር፣ ቦይ፣ የተተከለ ድንጋይ። የቡናው ጥላ ዛፍም በሰው እጅ የተመረጠ ነው፤ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ እየተራራቀ ቆሟል። ስንሰሉ አልቆ፣ ዛፉ ተጠጋግቶ፣ ሐረጉ ተጠላልፎ፣ ቡናው ግን ወደ ውስጥ የሚቀጥል ከሆነ ወደ ደኑ እየገባህ ነውና እዚያው ቁም። ደብተሩ 1 ሄክታር ብሎ ደላላው 5 የሚል ከሆነ አራቱ የማን እንደሆነ ገባህ ማለት ነው።

አደኑን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስህ። አሜሪካ እንኳ መሬቱን የገዛ ሰው አጋዘኑን አልገዛም። የሚታደንበትን ወቅትና ቁጥር የሚወስነው ግዛቱ ነው። እኛ ጋር ደግሞ ጠበቅ ይላል። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በይዞታህ ውስጥ የገባ ድኩላም፣ ዛፍህ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛም ያንተ አይሆንም። ጠመንጃውም የራሱ ሕግ አለው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012ን ሳታይ መሣሪያ ስለመያዝ አታስብ። «ድኩላ ይገባበታል» ብሎ ዋጋ የጨመረብህ ደላላ የራሱ ያልሆነውን ነው የሸጠልህ።

ገበሬው ስለ አውሬ ያለው ስሜት ካንተ የተለየ መሆኑንም እወቅ። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማታ ማታ የዱር አሳማ ይመጣል። በአንድ ሌሊት የዓመት ጉሮሮ ይዘጋል። ማማ ላይ አድሬ ስለማውቅ ነው የምልህ። አባት ወይ ትልቁ ልጅ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ከታች እሳት ይጨሳል፤ በየመሀሉ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ከወዲያ ማዶ ያለው ማማም ይመልሳል። ሲነጋ ደግሞ ዝንጀሮና ጦጣ ተራ ይረከባሉ፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ሥጋው እንኳ ለማንም አይሆንም፤ አሳማ እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላም። ለገበሬ አውሬ እንቅልፍ ማጣት ነው። ለደስታ ማደን እፈልጋለሁ ብለህ ብትገባ ሰው አይረዳህም። ጥበቃውን የሚያግዝ ሰው ቀጥረህ ብትገባ ግን የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ዘመድ ትሆናለህ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ የልብህ ፍላጎት ጫካውና ቡናው ከሆነ በኮንትራት ግባ። በኦሮሚያው አዋጅ 130/1999 ገበሬ ማከራየት የሚችለው የይዞታውን ግማሽ ነበር፤ በልማዳዊ መንገድ ለሚያርስ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያለማ እስከ 15 ዓመት። በ2016 ደግሞ አዲስ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ወጥቷል። ዛሬ የሚፈቀደውን የኪራይ ዘመን ከወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ከደላላ አትጠይቅ። ውሉ እዚያው ይመዝገብ። ባልና ሚስት አብረው ይፈርሙ። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ካሉም ቁጭ ብለው ይስሙ። እኔ የያዝኩት ቡና ላይ የባለቤቱ እናት ሳይቀሩ ተጠርተው ነው የተስማማነው፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። የምትተክለው ቡና የኪራይ ዘመኑ ሲያልቅ ለማን እንደሚሆን፣ አሮጌው ቢጎነደል የመጀመሪያውን ዓመት ኪሳራ ማን እንደሚችል፣ ጥላ ዛፍ ቢወድቅ ጣውላው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። ሰው የሚጣላው በእነዚህ ነው።

ገንዘቡም ጊዜውም ካለህ በኢንቨስትመንት ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለህ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመታየት ዕድል አለህ። ግን ሥራ ነው፤ የእረፍት ቀን ጫካ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

አደኑ ግን ከልብህ አልወጣ ካለ ከመሬቱ ለየው። ፈቃድ ያለበት አደን በአገራችን አለ። የታወቁት የአደን ቦታዎች አርሲና ባሌ ናቸው፤ ሙንኤሳ፣ ኦዶ ቡሉ፣ አባሻባ ደመሮ። ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ አዳኝ ጋር ትሄዳለህ። ለደጋ አጋዘን የሚከፈለው ብዙ ሺህ ዶላር ስለሆነ አብዛኛው አዳኝ የውጭ ሰው ነው። እኔ ብሆን ገንዘቤን ለዚያ አላወጣም። ከጅማ በጪዳ አድርጌ ወደ ኮንታ ወርጄ ጨበራ ጩርጩራ እገባለሁ። በ1997 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዝሆንና ጎሽ በዓይንህ ታያለህ። አሁን የዝሆን ዳና ሎጅም እዚያ ስላለ ማረፊያ አያሳስብህም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ደላላው ያሳየህ ቦታ የትኛው ቀበሌ ነው? ገበሬውን ራሱን አግኝተኸዋል ወይስ ያናገርከው ደላላውን ብቻ ነው? ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ከሆነ እዚህ አትለጥፈው፤ የሰው ስም አለበት። በውስጥ መስመር ላክልኝና አብረን እንየው። ደብተር የለውም ካሉህ ግን ቀብድ እንዳትከፍል።