በጋራዥ ውስጥ ለጎልፍ ልምምድ የሚሆን የመምቻ ምንጣፍ በገዛ እጅ ስለ መሥራት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለቡድናችን ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቁት በሜሪላንድ ቤትዎ ጋራዥ ውስጥ፣ ሊሾው ወለል ላይ፣ ለፈረስ ጋጣ የሚነጠፈውን ወፍራም ጎማ ዘርግተው በላዩ ሰው ሠራሽ ሣር ቢያጣብቁበት ለብርዱ ወራት ልምምድ ይበቃ እንደሆነ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት ጎማው ርካሽና የማያልቅ ስለሆነ እንዲሞክሩት መክረዋል። እኔ ግን ልክ እርስዎ ያሰቡትን ዓይነት ምንጣፍ ሠርቼ አንድ ክረምት ስለተለማመድኩበትና ክርኔንም ስለጎዳሁበት፣ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። ጎማው ለእግርዎ መቆሚያ እጅግ ጥሩ ነው፤ ኳሱ በሚቀመጥበት ቦታ ሥር ግን መኖር የለበትም።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ የጎልፍ ሜዳዎች ኖቬምበር ላይ ተዘግተው ብዙውን ጊዜ እስከ ኤፕሪል ስለማይከፈቱ፣ ቤት ውስጥ ያልተለማመደ ሰው ግማሽ ዓመት ያህል ዱላ ሳይጨብጥ ይከርማል። በመጀመሪያው ዓመት ከእርሻ ዕቃ መደብር አራት ጫማ በስድስት ጫማ የሆነውን ጎማ ገዝቼ፣ ወለሉ ላይ አንጥፌ፣ ሣሩን በላዩ በማስቲሽ ለጥፌ ጨረስኩ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። በየምሽቱ ሰባት ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ) ይዤ መቶ ያህል ኳስ እመታ ነበር፤ ምቱም በጣም ያማረ ይመስለኝ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጠዋት የቡና ስኒ ሳነሳ ከክርኔ የውስጥ ወገን የሚነሳ ሕመም እስከ አንጓዬ ይወርድ ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቷ የምለማመድበትን ነገር በስልኬ ፎቶ አንስቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ ኮንክሪቱን ስታይ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። ሁለት ወር ዱላ አልነካሁም። ኤፕሪል ላይ ሜዳ ስወጣ ደግሞ ከሕመሙ ያልተናነሰ ሌላ ነገር ጠበቀኝ፤ ኳሱን ከመምታቴ በፊት በተደጋጋሚ መሬቱን እመታ ነበር።

ሁለቱም ችግሮች የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። በአይረን በደንብ የተመታ ኳስ ዱላው ገና ወደ ታች እየወረደ ሳለ የሚመታ ነው። ዱላው መጀመሪያ ኳሱን፣ ቀጥሎ ከኳሱ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ያገኛል፤ በሜዳ ላይ ሣሩና አፈሩ ተቆርጠው ስለሚነሱ ጉልበቱን መሬቱ ይቀበለዋል። ዱላው ከኳሱ ሁለት ኢንች ወደ ኋላ ቀርቶ መሬት ላይ ካረፈ፣ በእውነተኛ ሣር ላይ አፈር ውስጥ ይገባና ኳሱ አጠገብዎ ይወድቃል፤ ስሕተቱን ወዲያው ያውቁታል። ጎማና ኮንክሪት ላይ ግን የዱላው ሥር ነጥሮ፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ ኳሱን ደህና አድርጎ ያነሣዋል። ኳሱ ፊት ለፊትዎ በሰቀሉት መረብ ውስጥ ሲገባ እያዩ ጥሩ መታሁ ይላሉ። መሬቱ ያልተቀበለው ጉልበት ደግሞ በዱላው ዘንግ ወጥቶ ወደ እጅዎ ይመለሳል። አንጓንና ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ጅማት ከክርን የውስጥ አጥንት ጋር በሚያያዝበት ቦታ ይህ ንዝረት በመቶዎች በሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም፣ ሐኪሞች ጎልፈርስ ኤልቦ የሚሉት ጉዳት ይመጣል። ስለዚህ ምንጣፍዎን ሲሠሩ መጠየቅ ያለብዎት ስንት ዓመት እንደሚቆይልዎ አይደለም፤ ዱላዎ ከኳሱ ኋላ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ነው።

በሁለተኛው ዓመት የሠራሁትና እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ምንጣፍ አራት ጫማ በአምስት ጫማ ነው። አራት ጫማው ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ አምስት ጫማው ደግሞ ከተረከዝዎ ወደ ኳሱ ባለው አቅጣጫ ይሆናል። በድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ምት በሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ፣ ሲቆሙ ኳሱ ከእግርዎ ስለሚርቅ ከዚህ የጠበበ ምንጣፍ ያስቸግራል። ከሁሉ በታች፣ ሊሾው ላይ፣ የልጆች መጫወቻ ክፍል የሚነጠፈውንና እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ፎም ዘረጋሁ። በላዩ ሦስት አራተኛ ኢንች ፕላይውድ፣ አገር ቤት ኮምፔንሳቶ የምንለውን፣ አስቀመጥኩ። አንድ ሙሉ ፕላይውድ አራት ጫማ በስምንት ጫማ ስለሆነ መደብሩ ውስጥ አምስት ጫማ ላይ አስቆርጡት፤ የሚተርፈውን ሦስት ጫማ አይጣሉት፣ በኋላ ሥራ አለው። ከፕላይውዱ በላይ ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነው ጎማ፣ ከጎማው በላይ ደግሞ ለእግር መቆሚያ የሚሆን ግማሽ ኢንች ያህል ሣር ይመጣል። ጠቅላላ ከፍታው ሁለት ኢንች ተኩል ይሆናል።

ጎማውን ብቻዎን ለማንሳት አይሞክሩ፤ አንዱ ወደ መቶ ፓውንድ ይመዝናል። አንድ ጫማ ቆርጠው ማሳጠር ስላለብዎት፣ መስመሩን በጠመኔ ካሰመሩ በኋላ ከሥሩ መስመሩን ተከትሎ አንድ ጣውላ ያስገቡና ጎማው ትንሽ እንዲከፈት ያድርጉት፤ ከዚያም አዲስ ምላጭ በገባበት ከተር፣ ሳሙናማ ውሃ እየነካኩ፣ በአንድ ጊዜ ለመበጠስ ሳይታገሉ አራት አምስት ጊዜ ይመላለሱበት። ሽታውም ቀላል አይደለም። አብዛኛው ጎማ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ የተሠራ በመሆኑ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ጥቂት ቀናት ደጅ ያናፍሱት።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ኳሱ በሚቀመጥበት ቦታ ጎማውንና የእግር መቆሚያውን ሣር አሥራ ሁለት ኢንች በሃያ አራት ተኩል ኢንች አድርገው ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ያውጡት፤ ርዝመቱ ኳሱ ወደ መረቡ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። ቦታውን በግምት አይወስኑት። እኔ ፕላይውዱ ላይ ቆሜ፣ በዌጅ (ለአጭር ርቀት በሚሆነው ዱላ)፣ በሰባት ቁጥር አይረንና በአምስት ቁጥር አይረን አቋቋሜን እየያዝኩ ባለቤቴ የዱላው ራስ ያረፈበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገችልኝ፤ ቀዳዳውን የቆረጥኩት ምልክቶቹ ሁሉ እንዲገቡበት አድርጌ ነው። በቤትዎ በግራ እጁ የሚጫወት ሰው ካለ ግን ቀዳዳው መሐል ላይ ሆኖ በሁለቱም ወገን መቆሚያ ያስፈልገዋልና ምንጣፉን በዚያው ልክ ማስፋት ይኖርብዎታል።

በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ነገር ይገባል፤ ከታች ግማሽ ኢንች ፎም፣ ከላይ ሦስት አራተኛ ኢንች የመምቻ ሣር። እኔ በፎሙ ምርጫ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ክርኔን ፈርቼ የሶፋ ስፖንጅ ዓይነት ለስላሳ ፎም ብጠቀም፣ ዱላው ሣሩን ይዞ ወደ ታች እየሰመጠ ድንገት ይቆም ጀመር፤ ያ ደግሞ አንጓን ይጠመዝዛል። የሚፈለገው በአውራ ጣትዎ በኃይል ሲጫኑት ግማሽ ያህል የሚገባና ጣትዎን ሲያነሱ ወዲያው የሚመለስ ፎም ነው። ጣት ሳይቸገር እስከ ታች ከደረሰ ለስላሳ ነው፤ ጥፍርዎ ብቻ ምልክት ካሳረፈበት ደግሞ ከጎማው አይሻልም። ጆሮም ይፈርዳል። በመጀመሪያው ምንጣፌ ላይ ዱላው ሲያርፍ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያስተጋባ ደረቅ «ቋ» የሚል ድምፅ ነበረው፤ አሁን የሚሰማው ትራስ በጡጫ ሲመታ የሚወጣው ዓይነት የታፈነ ድምፅ ነው።

ሣሩ ናይለን ይሁን። ለግቢ ማስዋቢያ የሚሸጠው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ሣር ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራ ሲሆን፣ ዱላው ሲያልፍበት በሰበቃው ሙቀት ቀልጦ በዱላው ሥር አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። ናይለኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሚያስፈልግዎት አንድ ጫማ በሁለት ጫማ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ለእግር መቆሚያው ርካሹ ይበቃል።

ይህን የመምቻ ሣር ፈጽሞ በማስቲሽ አያጣብቁት። የእኔ ምንጣፍ ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጉድጓዱ ርዝመት ሃያ አራት ኢንች ተኩል፣ የሣሩ ርዝመት ሃያ አራት ኢንች ነው። ሣሩን ከኋላ ጫፉ ላይ ብቻ በትንሽ ቬልክሮ ያዝኩት፤ ከፊት ግማሽ ኢንች ክፍተት አለው። ዱላው ኳሱን ቀድሞ ካገኘ ሣሩን ዳሶት ያልፋል፣ ሣሩም ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከኳሱ ኋላ በኃይል ካረፈ ግን ቬልክሮው ይለቅና ሣሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከጎማው ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ጉልበቱ በክርኔ ፈንታ በሣሩ መንሸራተት ላይ ያልቃል፤ እኔም መረቡን ማየት ሳያስፈልገኝ ክፍተቱ ወደ ኋላ መዞሩን አይቼ እንዳበላሸሁ አውቃለሁ። በእግሬ ገፋ አድርጌ እመልሰውና ቀጣዩን ኳስ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ከአሥር ኳስ አራት አምስት ጊዜ እመልሰው ነበር።

ከፍታውን በውሃ ልክ ወይም በቀጥተኛ ጣውላ ያረጋግጡ። የመምቻው ሣር ከእግርዎ መቆሚያ ጋር እኩል መሆን አለበት። ብዙ ሰዎች ጥሩ የመምቻ ሣር ገዝተው ወለሉ ላይ እንዲሁ ያስቀምጡትና እነሱ ሊሾው ላይ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ኳሱ ከእግራቸው አንድ ሁለት ኢንች ከፍ ስለሚል፣ ክረምቱን ሙሉ በተዳፋት ላይ ቆሞ የመምታት ያህል ሌላ ስዊንግ (የዱላ አወዛወዝ) ይለማመዳሉ። እርስዎ የኳስ መለኪያ መሣሪያ ሊገዙ እንዳሰቡ ጽፈዋልና፣ ከኳሱ ኋላ ወለል ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ እሱንም በሁለት ኢንች ተኩል ከፍ ማድረግ አለብዎት። የተረፈውን ፕላይውድ አይጣሉት ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከተረፈው ፎም፣ ጎማና የእግር መቆሚያ ሣር ጋር ደርበው ይሥሩበት።

ለድራይቨር ብዙ አይጨነቁ። ኳሱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥና ዱላው ወደ ላይ እየወጣ ስለሚመታው ምንጣፉን አይነካም። ከመምቻው ሣር ፊት በጎማው ውስጥ ቀዳዳ በስተው የላስቲክ ቲ (ኳሱ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ማቆሚያ) ከሥር ማስገባት ይበቃል፤ ቲውን ሲገዙ የጎማውንና የሣሩን ውፍረት ይደምሩበት።

ለእግር መቆሚያው ሣር ማስቲሽ ሲጠቀሙ የጋራዡን በር ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። የሚረጨው ማስቲሽ ተቀጣጣይ ነው፤ ብዙ ቤቶች ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ጋራዥ ውስጥ ይቆማል። እኔ ይህን አስቤ በሁለቱም ወገን የሚጣበቅ የምንጣፍ ፕላስተር መረጥኩ፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አልተነሳም።

ጣሪያዎን አልነገሩንም። ስምንት ጫማ ከሆነ አብዛኛው ሰው ድራይቨር ሊያወዛውዝበት አይችልም፤ ዘጠኝ ጫማ ለብዙዎች ጠባብ ቢሆንም ያስኬዳል፤ አሥር ጫማ ሲሆን ሰው ሳይሸማቀቅ ይመታል። ምንጣፉ ራሱ ሁለት ኢንች ተኩል እንደሚወስድብዎት አይርሱ፤ የበሩ መክፈቻ ሞተርና ሐዲዱም ከጣሪያው ዝቅ ብለው ይንጠለጠላሉ። ፕላይውዱ ላይ ቆመው፣ ሌላ ሰው ከጎን እያየልዎት፣ ረጅሙን ዱላ በጣም በዝግታ ዙሪያውን ያዙሩት። ሰው ጣሪያውን የመንካት ፍርሃት ካለበት ሳያውቀው ስዊንጉን ያሳጥራል፤ ያ ልማድ ከሜዳ ላይ በቀላሉ አይለቅም። መረቡን በተመለከተ፣ ወጥሮ ከማሰር ይልቅ ላላ አድርጎ መስቀል ኳሱ ተመልሶ እንዳይመጣብዎት ያደርጋል።

ምንጣፉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሣር አይደለም፤ ስለዚህ የኳሱን ቁጥር ይወስኑ። እኔ በአንድ ምሽት ከሃምሳ አላልፍም፤ ግማሹን በዌጅ በግማሽ ስዊንግ እመታለሁ። ከመጀመሬ በፊት ከኳሱ ሁለት ኢንች ወደ ኋላ በጠመኔ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ፤ ከምቱ በኋላ መስመሩ ከተደመሰሰ ዱላው ቀድሞ እንዳረፈ ያሳያል። ክርንዎ ወይም አንጓዎ ቅንጣት ቢያምዎት በዚያው ቀን ያቁሙ፤ እኔ ሕመሙ እየጀመረኝ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት በመግፋቴ ነው ሁለት ወር የተቀጣሁት።

ወጪውን በተመለከተ፣ ጎማውን በስድሳ ዶላር ገደማ ነው የገዛሁት፤ ናይለኑ ሣር ብቻውን ከዚያ ይበልጥ ነበር። በየጊዜው የሚለወጠውም እሱ ብቻ ነው። ኳሱ የሚቀመጥበት ቦታ ሲሳሳ ሣሩን አዙሬ የኋላውን ጫፍ ወደ ፊት አደርገዋለሁ፤ ሁለቱም ጫፍ ሲያልቅ አዲስ ቆርጬ አስገባለሁ። እስካሁን የለወጥኩት አንድ ጊዜ ነው። ጎማውን ከመቁረጥዎ በፊት የጣሪያዎን ከፍታና የጋራዡን ስፋት እዚሁ ይጻፉልን፤ የቀዳዳውን ቦታ አብረን እናሰላዋለን።