የወላጆቻችሁን ቤት ስትካፈሉ «ሽያጭ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ

እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ጥያቄሽን ሳነብ የእኛው ቤት ጉዳይ ነው የመሰለኝ። የአዲስ አበባው ቤት ካርታ ከዓመታት በፊት ባረፉት አባታችሁ ስም ነው። አሁን እናታችሁም አርፈዋል። አንዷ እህታችሁ አሜሪካ ናት። ታላቅ ወንድማችሁ ደግሞ «ድርሻችሁን ልግዛችሁ» ብሏል። ግብሩ ስንት ነው፣ ከየት እንጀምር ነው ያልሽው።

የግብሩ መልስ አጭር ነው። አገራችን ውስጥ የውርስ ግብር የሚባል ነገር የለም። የገቢ ግብር አዋጁም (979/2008) በውርስ የተገኘን ሀብት ነፃ አድርጎታል። «ለመንግሥት ይህን ያህል ፐርሰንት አለ፣ እኔ ላስጨርስላችሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። ገንዘብ የሚያስወጣችሁ ሌላ ነገር ነው።

1. የወራሽነት ማስረጃ የምታወጡት ለእናታችሁ ብቻ አይደለም፣ ለአባታችሁም ነው። ቤቱ የጋራቸው ከነበረ ግማሹ የእናታችሁ ነው። የአባታችሁ ግማሽ ግን ያኔውኑ ለልጆቻቸው አልፏል። በእኛ ሕግ ሚስት ኑዛዜ ከሌለ ባሏን አትወርስም፣ የራሷን ግማሽ ነው የምትይዘው። አባታችሁ ሌላ ቦታ የወለዱት ልጅ ካለ ከአባቱ ግማሽ ላይ ከእናንተ እኩል ይካፈላል። እባካችሁ ራሳችሁ ጥሩት። መቃወሚያ ይዞ ፍርድ ቤት እስኪመጣ አትጠብቁ። እኛ በአባት ብቻ የምንገናኘውን ወንድማችንን ፈልገን አስገባነው፣ ዛሬም በዚህ እኮራለሁ።

2. ውክልና። እናትሽ በሕይወት ሳሉ የሰጡሽ ውክልና ካለ ባረፉ ቀን አብሮ ቀርቷል፣ እንዳትጠቀሚበት። እህትሽ ከአሜሪካ «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ብትልክ ደግሞ ቤት ለመሸጥም፣ ለመታረቅም፣ ለመክሰስም አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት፣ ውርስ ለመካፈል፣ ስም ለማዛወር» ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ ውጭ ጉዳይ ታይቶ፣ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ዜግነት ቀይራ ከሆነ ቢጫ ካርዷን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋን) ታውጣ። የውጭ ዜጋ ቤት እንዳይኖረው የሚከለክለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌ በ270/1994 አዋጅ ለቢጫ ካርድ ባለቤቶች ተነስቷል።

3. ይሄኛውን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ወንድማችሁ «ልግዛችሁ» ያለው በቅን ልብ ይሆናል፣ የእኛም እንደዚያው ነው ያለው። ችግሩ የመጣው ከውል ጸሐፊው ነው። ገና የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ «የቤት ሽያጭ ውል» ብሎ ጻፈልን። የመንደር ውል ነው፣ ውልና ማስረጃ ያልተመዘገበ፣ በራሱ የትም አያደርስም። ግን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ፋይሉ ውስጥ ገባ። ስም ለማዛወር ስንቀርብ ባለሙያው ያቺን ወረቀት መዘዘና «እናንተ አልወረሳችሁም፣ ተሻሽጣችኋል። ወደ ሊዝ ትገባላችሁ» አለን።

ያኔ የሚሠራበት የሊዝ አዋጅ 721/2004 ነበር። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ማለትም መሬቱን ከመንግሥት በውል እየከፈሉ ወደ መያዝ፣ ይገባል ይል ነበር። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ጣራና ግድግዳ ስትገብርበት የኖረችው ቤት በአንዲት ቃል ምክንያት የሊዝ ክፍያ ሊመጣበት ነው። ሽያጭ ከሆነ ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም ነበረበት። «ወንድምና እህት ነን እኮ፣ ማነው ሦስተኛ ወገን?» ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ፋይሉን በመስኮት ወደ እኔ ገፋውና «ቀጣይ!» አለ። ታላቅ እህቴ ጥቁር እንደለበሰች እዚያው ቆማ አለቀሰች። አንድም ሰው ወንበር አላቀረበላትም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ አትሜ፣ «ከውርስ በስተቀር» የሚለውን አስምሬበት ለኃላፊው አቀረብኩ። እሱ ደህና ሰው ነበር፣ አዳመጠኝ። ውሉን በጽሑፍ ሰረዝነው። የሁለቱንም ወላጆቻችንን የወራሽነት ማስረጃ አወጣን። ከዚያ «የውርስ ክፍፍል ስምምነት» ጽፈን ፍርድ ቤት አጸደቀልን። ቤቱ «ልግዛችሁ» ላለው ወንድማችን ደረሰ፣ እሱ ደግሞ ልዩነቱን በገንዘብ አካካሰን። እጃችን የገባው ገንዘብ ያው ነው፣ ወረቀቱ ግን ሽያጭ አይደለም። ቤቱም በነባር ይዞታነቱ ቀጠለ።

ሰርቪሱን አከራይታችሁ ከሆነ ኪራዩ የውርስ ነፃነት የለውም፣ ግብር አለበት። ስም ሲዛወር ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለባችሁም የሚል ማስረጃ፣ ይጠየቃል። የኪራይ ግብር፣ ጣራና ግድግዳ፣ የቦታ ኪራይ የተወዘፈ ካለ ሁሉም ያን ቀን ነው የሚመዘዘው። እናትሽ የከፈሉባቸውን ደረሰኞች አሁኑኑ ሰብስቢ። የአረጋውያን ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነው የሚገኘው።

ስምምነቱን ስታስጽፉ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀመጪና ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ሻጭ»፣ «ገዢ»፣ «ዋጋ» የሚሉ ቃላት ካሉበት ይቀየር። ወንድማችሁ ገንዘቡን ሲሰጣችሁም በባንክ ይሁን፣ ምክንያቱ ላይ «የውርስ ድርሻ ማካካሻ» ተብሎ ይጻፍ።