ከኋላ የሚገፋ ጄት፦ ጠይቃችሁ ነበር

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ቅርጹ የጦር ጄት የሆነ፣ ግን በኤሌክትሪክ ሞተርና ከኋላ በሚዞር ፕሮፔለር የሚበር የሪሞት አውሮፕላን። የተደጋገሙትን መርጬ አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጄት ሞዴል ልሠራ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። "ፕሮፔለር ያለው ጄት የት አለ? ፋን አስገባበት እንጂ" ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ተዋቸው ይሳቁ። ፋኑ፣ ማለትም አካሉ ውስጥ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ማራገቢያ፣ እንደሚያምር አልክድም፣ ድምፁም ልብ ይሰርቃል። ግን ሒሳቡን እንየው። 6 ኢንች ፕሮፔለር ሲዞር የሚሸፍነው ክብ ከዳር እስከ ዳር 15 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። በትናንሽ ሞዴሎች ላይ የተለመደው ፋን ደግሞ 64 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱን ክቦች ስፋት ብታሰላ ፕሮፔለሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ብዙ አየር ቀስ አድርጎ መግፋት ጥቂት አየር በኃይል ከመግፋት ያነሰ ባትሪ ይበላል፣ በተለይ አውሮፕላኑ ገና ከእጅ ሲወጣና ፍጥነት ሳይኖረው። ስለዚህ በዚያው ባትሪ ጠንከር ያለ ግፊትና ረዘም ያለ በረራ ታገኛለህ፣ የአየር መግቢያና ቱቦ ስትሠራም አትከርምም። ፋን የሚያሸንፈው በፍጥነት ነው። ለጀማሪ ደግሞ የፍጥነት ጥቅሙ ቶሎ መሬት መድረስ ነው።

ለጓደኞችህ ይህችንም ጣል አድርግላቸው። ሳብ 21 የተባለው የስዊድን የጦር አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲነሣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ነበር፤ ፓይለቱ ሲዘል እንዳይቆራርጠው ተብሎ ተፈናጣሪ ወንበር ሁሉ ተገጥሞለታል። በ1947 ያንኑ አውሮፕላን አሻሽለው፣ ጄት ሞተር አስገብተው አበረሩት። ከኋላ የሚገፋ ፕሮፔለርና ጄት ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከ5 ሚሊ ሜትር ፎም የተሠራ፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጄት እየጨረስኩ ነው። ሞተር፣ ባትሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ምን ልግዛ? አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ።

መልስ፦ ሞተር ከመምረጥህ በፊት ሚዛን ላይ አውጣው። እንዲህ ያለ ሞዴል ከነባትሪው ከ600 እስከ 700 ግራም ቢመዝን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ሙጫ አብዝተሃል ማለት ነው።

ደፋር በረራ ለሚፈልግ ጄት በኪሎ 400 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ያንተ 650 ግራም ቢሆን 260 ዋት መሆኑ ነው። ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ስሙ 11.1 ቮልት ቢሆንም ሞተሩ ሲጎትተው ወደ 10.5 ይወርዳል፤ 260ን በ10.5 ስታካፍል 25 አምፒር ይመጣል። እንግዲህ ኢኤስሲ የምንለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ 40 አምፒር ይሁን። ባለ 30ውም ይሠራል፣ ግን ፎም ውስጥ ተቀብሮ አየር ሲያጣ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አየር ላይ ያጠፋብሃል።

ሞተሩ ከ50 እስከ 60 ግራም የሚመዝን፣ 2200 ኬቪ የሆነ ይሁን። ኬቪ ማለት ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 6 በ4 ፕሮፔለር ሲጫንበት በደቂቃ 18 ሺህ ዙር ይዞራል እንበል። 4 ኢንች ማለት በአንድ ዙር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ማለት ስለሆነ፣ በሒሳብ በሰዓት ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አውሮፕላኑ አየሩን እየታገለ ስለሚሄድ ከዚያ በታች ነው የሚበረው። ይበቃሃል።

አደራ፣ "ትንሽ ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ልሞክር" እንዳትል። ከ6 ወደ 7 ኢንች ስትሄድ፣ በዚያው የዙር ፍጥነት የሚጠይቀው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ወይ ኢኤስሲው። ዋት ሜትር የሚባለውን ትንሽ መለኪያ ባትሪውና ኢኤስሲው መሐል አስገብተህ ንባቡን እይ፣ በግምት አትሂድ።

ባትሪው 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 25ሲ ይሁን። ሲ ማለት ባትሪው ከአቅሙ ስንት እጥፍ አምፒር መስጠት እንደሚችል ነው፤ ያ እስከ 55 አምፒር ይሰጣል ማለት ነው፣ ከበቂ በላይ። የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውን ስሮትል እስከ ጥግ ከፍተህ ብትበር ባትሪውን 80 በመቶ የምትጨርሰው በ4 ደቂቃ ነው፤ እንደ ሰው ከበረርክ 6 ወይም 7 ደቂቃ ትቆያለህ። ሪሞትህ ላይ ሰዓቱን በ5 ደቂቃ ሙላውና ጀምር። ቤት ስትገባ ሴሎቹን በ3.8 ቮልት አስቀምጣቸው፣ ሞልተህም አሟጠህም አታስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሠራው ጄት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሽቦ ቀያየርን፣ አሁን ወደ ፊት ይገፋል ግን ደካማ ነው። ትናንት ደግሞ ዳዶው ተፈትቶ ፕሮፔለሩ በረረ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ማንም እንዳልተጎዳ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፦ ፕሮፔለሩ ከኋላ መሆኑ።

ፕሮፔለሩ ላይ 6 በ4 የሚል ጽሑፍ አለ አይደል? ጽሑፉ ያለበት ፊት ሁልጊዜ አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት ማየት አለበት። ሞተሩ ከፊትም ይሁን ከኋላ ሕጉ አይቀየርም። እርስዎ ጋ ፕሮፔለሩ ከኋላ ስለሆነ ጽሑፉ ወደ ሞተሩ ዞሮ መታየት ነበረበት፤ ብዙ ሰው ግን ለውበቱ ብሎ ወደ ውጭ ያዞረዋል። ተገልብጦ የተገጠመ ፕሮፔለር ይገፋል፣ ግን የቅጠሉ ጉብጠት ስለተገለበጠ ጉልበቱ ይሞታል። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ያስተካክሉ። ከዚያ አየሩን ወደ ኋላ ካልወረወረ፣ ከሞተሩ ወደ ኢኤስሲው ከሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች የፈለጉትን ሁለቱን ያቀያይሩ።

ወደ ዳዶው እንምጣ። ተራ ፕሮፔለር ከፊት ሲሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ዳዶው ወደ ኋላ ስለሚቀር ራሱን ያጠብቃል። ያንኑ ፕሮፔለር ከኋላ ሲያደርጉት ሞተሩ በሌላ አቅጣጫ መዞር አለበት፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ማስነሻ ዳዶው ጥቂት በጥቂት ይፈታል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ውስጡ ናይሎን ያለበትን ዳዶ መጠቀም። ሌላው ቁጥሩ አጠገብ ፒ የሚል የላቲን ፊደል ያለበትን፣ ለኋላ ተብሎ በተቃራኒ የተቀረጸ ፕሮፔለር መግዛት፤ ያ ዳዶውን ያጠብቃል። እንደዚያም ሆኖ ከየበረራው በፊት በእጅ መነካካት አይቅር፣ ባትሪው ሳይሰካ።

ጥያቄ፦ ከወረቀት ፕላን ነው የሠራሁት፣ ሚዛን ነጥቡ ግን አልተጻፈም። ስወረውረው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይቆምና በጀርባው ይወድቃል። ክንፉ ሥሩ ላይ 36፣ ጫፉ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአንዱ ክንፍ ርዝመት 30። የኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው።

መልስ፦ ልኩን ስለጻፍሽልኝ ተባረኪ፣ ሁሉም እንዳንቺ ቢጠይቅ ሥራችን በቀለለ። የምትገልጪው ምልክት ጅራቱ የከበደ ሞዴል ነው። አንድ በአንድ እንሥራው።

ጫፉን ለሥሩ ስናካፍል 0.25 ነው። ከዚህ አማካይ የክንፍ ወርድ ይወጣል፦ 36 ሲባዛ በሁለት ሦስተኛ 24፤ 1 ሲደመር 0.25 ሲደመር 0.0625 (የ0.25 ካሬ) 1.3125 ነው፣ በ1.25 ሲካፈል 1.05። 24 በ1.05 ሲባዛ 25.2 ሴንቲ ሜትር። ይህ አማካይ ወርድ የሚገኘው ከሥሩ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ጫፍ ሄደሽ ነው። የፊት ጠርዙ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 27 ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ እዚያ ላይ 10.8 ሸሽቷል። ሚዛን ነጥቡ ከአማካዩ ወርድ የፊት ጠርዝ ሃያ በመቶ ገባ ይበል፤ የ25.2 ሃያ በመቶ 5 ነው። ድምሩ 15.8። እንግዲህ የክንፉ የፊት ጠርዝ ከአካሉ ከሚጀምርበት ቦታ 16 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ ከታች ምልክት አድርጊ፣ በሁለት ጣት ስታነሺው እዚያ ላይ ቀጥ ማለት አለበት። ሲለመድ እስከ 17 መመለስ ይቻላል። የፊት ክንፍ ቅጥያው ወደ አፍንጫው ረዝሞ ከሆነ ግን ከ16 አትለፊ፣ ያ ቅጥያ ራሱ አየር ስለሚይዝ ክንፉ የሚያነሣበትን ነጥብ ወደ ፊት ይስባል።

ጅራቱ የከበደበት ምክንያት ሞተሩ መጨረሻ ላይ መሆኑ ይመስለኛል። 60 ግራም ሞተር ከሚዛን ነጥቡ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካለ፣ እሱን ለማስተካከል 170 ግራሙ ባትሪ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግባት አለበት። ቦታ ካለሽ ባትሪውን ግፊው፣ እርሳስ አትጫኚበት። ገና ካልጣበቀ ደግሞ ሞተሩን ወደ መሐል አምጪውና ፕሮፔለሩ አካሉ ላይ በተቀደደ ክፍተት ውስጥ ይዙር። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ተዪለት። ድምፁ ጩኸታም ይሆናል፣ በሆዱ ሲያርፍ ግን ፕሮፔለር አይሰብርም።

ጥያቄ፦ ስሮትል ስጨምር አፍንጫው ይደፋል፣ ስቀንስ ቀና ይላል። ሰርቮው ነው?

መልስ፦ ሰርቮው፣ ማለትም መሪ ጠርዞቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ምንም አላደረገም። ሞተርህ ከሚዛን ነጥቡ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ስለዚህ ሲገፋ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። የፕሮፔለሩ በኩል ትንሽ ወደ ላይ እንዲያይ ከሞተሩ መቀመጫ ሥር ሮንዴላ አስገባ። በአንድ ሮንዴላ ጀምርና በረህ እይ።

ጥያቄ፦ ሱፐር ግሉ ፎሙን በላው!

መልስ፦ ይበላል። ነጩ ፖሊስታይሪን ፎምም፣ ዴፕሮን የሚባለው ስስ የፎም ሉህም ተራ ሱፐር ግሉና የሚረጭ ቀለም አይችሉም። ለፎም ተብሎ የተሠራውን ግዛ፣ ለሞተር መቀመጫው ኢፖክሲ። ሆት ግሉ ይይዛል፣ ግን ክብደት ነው። ኢፒፒ የሚባለው ተጣጣፊ ፎም ሁሉንም ይችላል።

ጥያቄ፦ ስወረውረው ፕሮፔለሩ እጄን እንዳይቆርጠኝ እፈራለሁ። ሰው እንዴት ነው የሚወረውረው?

መልስ፦ ፍርሃትህ ተገቢ ነው፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲሆን ክንድህ የሚያልፈው በሱ አጠገብ ነው። እንደ ጦር ከትከሻ በላይ አትወርውር። ከፕሮፔለሩ ፊት ያለውን ሆዱን ያዝና ከጎንህ ወደ ላይ አወናጭፈው፣ ወይም ጓደኛህ ይወርውርልህና አንተ ሁለት እጅህን ሪሞቱ ላይ አድርግ። ፕሮፔለሩ ክፍተት ውስጥ ከሆነ ስሮትሉን ሦስት አራተኛ ከፍተህ ልቀቀው። መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ልቀቅ፣ ከዚያ ክፈት።

ተራ ፕሮፔለር ከሆነ ሲለቀቅ ወደ ግራ ይጋደላል፣ ሞተሩ አካሉን በተቃራኒ ስለሚያዞረው። አትደንግጥ፣ ቀኝ ስጠው። ከመወርወርህ በፊት ኤሌቮኖቹን፣ ማለትም ክንፉ ኋላ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ መሪ ጠርዞች፣ እይ፦ ዱላውን ወደ ራስህ ስትስብ ሁለቱም ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ስትገፋ ቀኙ ወደ ላይ ግራው ወደ ታች። ለመጀመሪያ በረራ ሁለቱንም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ ተው፣ ኤክስፖም (ዱላው መሐሉ አካባቢ ሲነካ ለዘብ እንዲል የሚያደርገው የሪሞት ቅንብር) 30 በመቶ ስጥ።

የሪሲቨሩን፣ ማለትም የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ዕቃ፣ አንቴናዎች ክንፉን ከሚያጸናው የካርቦን ቱቦ አርቃቸው፣ ካርቦን ምልክቱን ይጋርዳል። በመጨረሻ ፕሮፔለሩን አውልቀህ ሞተሩን አስነሣና ሪሞቱን አጥፋ። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ የሪሲቨሩን ፌይልሴፍ (ምልክት ሲጠፋ ሞተሩን የሚያቆመውን ቅንብር) ሳታስተካክል ፕሮፔለሩን መልሰህ አትግጠም።